ከልብ የሆነ ጥያቄ

በአዲስ አበባ የግቢ በሮች ላይ ዘወትር የምናነበው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል። ሦስት ቃል ብቻ ነው። አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ የውሻ ራስ ሥዕል ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ውሻም ሳይኖረው ይለጥፈዋል። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የተጻፈ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ልማድ ሆኖብኝ ሰው በር ላይ ቆሜ ዓረፍተ ነገር እፈታለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስፈታት ታዲያ አንድ ነገር አገኘሁባት። የዓረፍተ ነገሯ ባለቤት ውሻው ነው። የውሻው ባለቤት ግን ዓረፍተ ነገሯ ውስጥ የለም።

«ውሻዬ ኃይለኛ ነው» አይልም። «ውሻ አለኝ፣ እስክይዘው ይታገሡኝ» አይልም። አለ፣ በቃ! ማንም እንዳላመጣው፣ ማንም እንደማይጠየቅበት፣ እንደ ዝናብና እንደ መብራት መጥፋት ያለ ነገር ይመስል «አለ»። ተጠንቀቁ የተባልነው እኛ መንገደኞቹ ነን።

ይህን የሰዋስው ቀልድ ቀልድ ብቻ ብዬ እንዳልተወው ያደረገኝ በቅርቡ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ያሳለፍኩት ግማሽ ቀን ነው። ጎረቤቴ ውሻው ታሞበት «ጋሼ፣ በመኪናዎ ያድርሱኝ» አለኝና አደረስኩት። ውሻውን፣ ቡቺን፣ ከመኪናው ኋላ አስረን ትተን እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ያዝን። የሐኪሙ ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ነው፤ ሰውም ተራው እስኪደርስ አይጠብቅም፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥያቄውን ይወረውራል። እኔም የሰውን ወሬ ስሰማ ዋልኩ። የውሻ ባለቤቶች ምክር ሲጠይቁ መስማት ስለ ውሻ ብዙ አያስተምርም። ስለ ባለቤቶቹ ግን ምን ያልተማርኩት አለ!

የመጀመሪያው ጠያቂ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ጎረምሳ ነው። ጆሮው ተቆርጦ ገና ያልደረቀለት ትልቅ ቡችላ ይዟል። «ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ሰው ይወዳል። ምን ይሻለዋል?»

ልብ በሉልኝ፤ በሽታው ሰው መውደድ ነው።

ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወንበሩ መለሰ። አንዱ «ጨለማ ክፍል ቆልፍበት» አለ። ሌላው «ምግቡ ላይ ሚጥሚጣ ነስንስበት» አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ የመጨረሻውን ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተርብ ይዘህ በዳቦ ጠቅልለህ አብላው፤ ከዚያ በኋላ ራስህንም አያስጠጋህ» አለው። ሁሉም በሙሉ እምነት ነው የሚናገረው። ሐኪሙ ሳቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ጨጓራውን ነው እንጂ ልቡን አያደነድነውም። ቀን ከሌት ታስሮ፣ ሰው ሳያይ የሚያድግ ውሻ ጀግና አይሆንም፤ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባ ለይቶ አይነክስም። የተጠጋውን ነው የሚነክሰው። መጀመሪያ የሚጠጋው ማን ይመስልሃል? ኳሱ ግቢህ የገባበት የጎረቤት ልጅ ነው» አለው። ጎረምሳው ራሱን ነቀነቀ። ሲወጣ ግን ባለ ተርቡን ሰውዬ ስልኩን ሲቀበለው አየሁ።

ቀጥላ አንዲት ወይዘሮ ገባች፤ ነጭ፣ ጸጉረ ረጅም፣ እቅፍ የምታክል ውሻ ይዛለች። «ዶክተር፣ ተክዛለች። ምግብ ዘግታለች። ዶሮ ወጥ እንኳ ሰጥቻት እያየችው ዞረች። ድድዋም ነጭ ሆነብኝ።» ወንበሩ ተንጫጫ። «ተክዛለች!» አለ አንዱ። «ለሰውም ዶሮ ወጥ በተገኘ!» አለች ሌላዋ። በዚህች አገር የውሻ ነገር ሲነሳ ይህ ስብከት አይቀርም። ሰው የሚበላው አጥቶ፣ እናንተ ለውሻ ዶሮ ወጥ፤ ሰው ሐኪም አጥቶ፣ እናንተ ለውሻ ዶክተር።

እኔ በዚህ ስብከት አልስማማም። ስብከቱ እውነት ስለሌለው አይደለም፤ የተሳሳተውን ሰው ስለሚመታ ነው። ሐኪሙ ወይዘሮዋን አልሳቀባትም። ሽንኩርት ውሻን እንደሚመርዝ ነገራት። ቀዩም፣ ነጩም፣ ጥሬውም፣ የበሰለውም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሽ አካሉ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ሴትዮዋ ያስተዋለችው የድድ መንጣት ትክክለኛ ምልክት ነበር። ወንበሩን ያሳቀው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጥያቄዎች ሁሉ ምናልባት በጣም የተስተዋለው ነበር፤ ሌሎቹ ውሻቸው ምን እንደሚሠራላቸው ሲጠይቁ እሷ ብቻ ውሻዋ ምን እንደሆነች ጠየቀች።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ዘመዴ በስልክ ሲያጫውተኝ «እዚህ ውሻ ብቸኝነት ሲሰማው ሐኪም ያማክሩለታል» ብሎ ያስቀኛል። ሰው ሥራ ሲሄድ ውሻው ይጨነቃል፣ ጭንቀቱ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ሳቁልኝ። ግን እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡ በሕግ ግዴታ ነው። ዋናው ጥያቄ በሕግ ተመልሶ ስላለቀ ነው ሰዎቹ ስለ ውሻቸው ትካዜ ለመጠየቅ ፋታ ያገኙት። እኛ ደግሞ ትካዜውን እየሳቅንበት ዋናውንም ሳንጠይቅ እናልፋለን። የቱ ነው የሚያስቀው?

ሦስተኛው እድሜ የጠገቡ አባት ናቸው። የውሻቸው ጸጉር በእከክ አልቋል። «የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባሁት ልጄ፣ ባሰበት» አሉ። ሐኪሙ ዘይቱ በቆዳው ገብቶ፣ ሲልሰውም በአፉ ገብቶ እንደሚመርዘው ካስረዳቸው በኋላ የሚበላውን ጠየቃቸው። «ምን ይበላል፣ በግ ሲታረድ ሳንባውንም ጉበቱንም እጥልለታለሁ፤ ውሃ የቋጠረውንማ ለሱ ነው የማደርገው» አሉ ደስ ብሏቸው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

ይህን በዓል ሲመጣ እያንዳንዳችን ግቢ ውስጥ እናየዋለን፤ ስለዚህ ልድገመው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የአንድ ጥቃቅን ትል ልጆች ማደሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ ሲበላ ያ ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ዓመታት ይፈጃል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከረጢት ያለበትን ሥጋ ለውሻ አለመስጠት፣ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻው የትል መድኃኒት ማሰጠት። አባትየው «ለእሱ ሳዝን ነበር እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሐኪሙ ለሁሉም በስተመጨረሻ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነበረው። «ክትባቱስ?» ይላል። መልሶቹን ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ የድሮ ልማዴ ነው። «ገና ቡችላ ነው።» «ከግቢ አይወጣም።» «ሴት ናት።» «የሐበሻ ውሻ ነው እኮ ዶክተር፣ የሐበሻ ውሻ በሽታ አይነካውም።» ያቺ ነጭ ውሻ ብቻ ተከትባለች። በብዙ ብር የተገዛች «የፈረንጅ ውሻ» ናትና። የሐበሻው ውሻ ዋጋ ስለሌለው ሞቱም፣ ገዳይነቱም ዋጋ የለውም መሰለኝ።

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ።

ጎረቤቴ ተረጋግቶ ነው የተናገረው። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አፉን መግጠም አቃተው፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ውሃ ይሰጠዋል አይውጥም፣ ጩኸቱም ተለውጧል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው። እጄን አስገብቼ ፈልጌ አጣሁት።»

ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። የጠየቀው ስለ አጥንቱ አልነበረም። «እጅህን አሳየኝ» አለው። ጎረቤቴ አናጢ ነው፤ እጁ ጭረት አያጣም። «ሌላ ማን ነካው?» «ልጄ፣ ባትሪ ሲያበራልኝ ነበር። እሱም ሞክሯል፤ እጁ ቀጭን ስለሆነ።» ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። «ክትባቱስ?» «ከግቢ አይወጣም እኮ ዶክተር…»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ ነክተውታል?» አለኝ። መኪና ከመንዳት ሌላ አልነካሁም።

በዚያው ሰዓት አባትና ልጅ ወደ ጤና ተቋም ተላኩ፤ ቡቺ ለብቻው ተዘጋበት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ የተፈራው ሆነ። አባትና ልጅ ክትባታቸውን ሳያቋርጡ ጨርሰው ዛሬ ደህና ናቸው። የዳኑት ግን በትክክለኛ ጥያቄ አይደለም። የመጡት አጥንት ሊያስወጡ ነበር። እንደ አጋጣሚ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ፊት ስለቆሙ ነው የዳኑት።

ብዙዎቻችን የእብድ ውሻን ምልክት የምናውቀው በወሬ ነው፤ አረፋ ደፍቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ። እንደዚያም የሚሆን አለ። ግን ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝ፣ መንጋጋው የሚልም፣ መዋጥ የሚያቅተውም አለ። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» የሚያሰኘው ይኼኛው ነው፤ በርኅራኄ እጃችንን አፉ ውስጥ የምንከተውም ለእሱ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በምራቅ ይኖራል፣ በንክሻ ወይም በጭረት ይገባል፣ ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ከሳምንት የሚያጥርበት ባይበዛም እስከ ዓመት የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ «አልሰማንም» እንል ነበር። ሉዊ ፓስተር የዘጠኝ ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እኛ ደግሞ የሰውየውን ስም ከብዙ ሕዝብ በተሻለ እናውቀዋለን፤ ጉለሌ ያለውን ተቋም የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ ነው የሚጠራው። ታክሲ «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ይጣራል። ስሙን በቀን መቶ ጊዜ እየጠራን ሥራውን ረሳነው።

አማርኛችንም ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ አይደለም። ውሻ በአነጋገራችን ውስጥ የሚኖረው ሊሰደብ ነው። «ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» እንላለን፤ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን፤ የምንንቀውን ሰው በስሙ እንሰድባለን። ፍትሕ ሳያገኝ ለቀረ ሰው ደግሞ «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን፤ ከልብ በግእዝ ውሻ ነውና። የውሻ ደም የማይጠየቅበት፣ ጠያቂ የሌለው ደም ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ቃል ሳስረዳ ሰምና ወርቁ ራሱ ይመጣልኝ ነበር፤ «ከልብ» ውሻም ነው፣ ከልባችን የሚወጣውም ነው። የቋንቋው ንቀት ግን መዘዝ አለው። ደሙ የማይጠየቅበት እንስሳ ንክሻውም የማይጠየቅበት ይሆናል።

ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲነከስ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ጎበዙ ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ውሻው ቱቦ ውስጥ ተወግሮ ይጣላል። ከዚያ «የማን ነው?» ሲባል ዝምታ ነው። ትናንት ፍርፋሪ ሲጥልለት የነበረው፣ በስሙ ሲጠራው የነበረው ሰው «ኧረ የኔ አይደለም፣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው» ይላል። በበሩ ላይ ያልተጻፈው ባለቤት በአደባባይም የለም። ውሻውን በችኮላ መግደል ደግሞ ምስክርን መግደል ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ቢነክስ አሥር ቀን ተይዞ ይጠበቃል፤ በንክሻው ጊዜ ምራቁ ውስጥ በሽታው ኖሮ ቢሆን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ቱቦ ውስጥ የተጣለ ውሻ ግን ምንም አይናገርም። ይህ ማለት የተነከሰው ሰው ክትባቱን ሳይጀምር አሥር ቀን ይቆይ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«የኔ አይደለም» ለሚለው ሰው ሕጉ አላደላለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ሕግ አውጪው ከበራችን ጽሑፍ የተሻለ ሰዋስው ያውቅ ነበር፤ ባለቤቱን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገብቶታል።

ጣጣው በሰፈር ልጆችም አያበቃም። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ፣ በአጠቃላይ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከአምስት መቶ በታች የሆነ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ ከእረኞች ውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ አልቋል። እዚያም ያለው ምክር ይኸው ነው፤ ውሻውን ክተቡ።

እንግዲህ የውሻ ባለቤት ምክር ሲጠይቅ ምን ይጠይቅ? በእኔ ግምት ጥያቄው ከግቢው አጥር ውጭ ይጀምር። «ውሻዬ ሌባ ይይዝልኛል ወይ?» ከማለቱ በፊት «ውሻዬ የማንን ልጅ ያገኛል?» ይበል። ሦስት ወር ሲሞላው ተከትቧል ወይ? በየዓመቱ ይደገማል ወይ? ወረቀቱ የት አለ? የተነከሰ ሰው ቢመጣብኝ ምን አደርጋለሁ? የዚህኛው መልስ አጭር ነው። ቁስሉን ለአሥራ አምስት ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ጸበሉም ሽማግሌውም ከሐኪሙ ጋር ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ከሐኪሙ በፊት ቀን የሚያባክኑ ከሆነ ግን ያ ቀን የሚወጣው ከተነከሰው ሰው እድሜ ነው። ብዙ ሰው «ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው» የተባለውን የድሮ ክትባት እያሰበ ይሸሻል። የዘመኑ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፣ ቁጥሩም አራት ወይም አምስት።

አንድ ሰው ውሻውን ቢያስከትብ ደግሞ ብቻውን አያድንም። ባለሙያዎቹ በሽታው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑት ሲከተቡ ነው ይላሉ። ይህ የአንድ ግቢ ሥራ አይደለም፤ የሰፈር ሥራ ነው። የሰፈር ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድር አለን። ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንቆጥራለን፣ ማን እንደቀረና ማን እንደመጣ መዝገብ እንይዛለን። በዓመት አንድ እሑድ ያው መዝገብ ተከፍቶ «እገሌ፣ ውሻ አንድ፣ ተከትቧል» ቢጻፍበት ምን ይጎዳናል? ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን መቁረጥ ለዕድር ዳኛ ምን ያህል ይከብደዋል? «ዝም ብሎ የሚመጣው»ን ውሻ ያን ዕለት ስም አውጥተን አንዱ ባለቤት ይሁነው።

ይህን ሐሳብ ለሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሳነሳላቸው «ጋሼ፣ ለውሻ ጥሩንባ ልናስነፋ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ለልጆቹ ነው አልኳቸው። ጥሩንባው ከቀብር በፊት ቢነፋስ?